የሻምበል ሳቅ

ሻምበልን ወደ ትምህርት ቤቱ አሥራ አራተኛ ፎቅ ያወጡት በዕቃ ሊፍት ነው። እንስሳ በሰው ሊፍት አይሳፈርም፤ ብቻውንም አይተውም። ስለዚህ ተንከባካቢዋ ይርገዱ ከተሰበሩ ወንበሮችና ከሁለት የውሃ በርሜሎች ጋር ተጣብቃ፣ አንድ እጇን እሱ የተዘጋበት ሳጥን ክዳን ላይ አሳርፋ አብራው ወጣች። እጇ ያረፈው ሳጥኑ ላይ ነው እንጂ እሱ ላይ አይደለም። እሱን መንካት ከተከለከለ አሥራ አንድ ዓመት አልፏል።

ሻምበል ጭላዳ ዝንጀሮ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ጎፈሩ ከትከሻው እስከ ወገቡ ይወርዳል፤ ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ምልክት ግን እየደበዘዘ ሄዷል። ስሙን ያወጡለት የቴአትር ቡድኑ ሰዎች ናቸው፤ በጨቅላነቱ ሲራመድ ደረቱን ስለሚነፋ ለቀልድ ሻምበል አሉት፣ ስሙም ጸናበት። እድገት የሚባል ነገር ግን አላየም። ዕድሜውን ሙሉ ሻምበል ነው።

በ2097 ዓ.ም. አንድ ልጅ ከሦስተኛ ወደ አራተኛ ክፍል ለማለፍ ማንበብ፣ ማባዛትና በሕይወት ያለ አንድ የአገሩን እንስሳ ማየት ይጠበቅበታል። እንስሳውን የሚያይበት ጊዜ «የማየት ሰዓት» ይባላል፤ ስሙ ሰዓት ይሁን እንጂ አርባ ደቂቃ ነው። ልጆቹ ጫማቸውን አውልቀው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ስማቸው በተጻፈበት ትራስ ላይ ይቀመጣሉ። ጣሪያው ላይ ያለው ካሜራ ማን ስንት ደቂቃ ዓይኑን መድረኩ ላይ እንዳሳረፈ ይመዘግባል፤ ከሠላሳ ደቂቃ በታች ያየ ልጅ እንዳላየ ይቆጠራል። በጉንፋን የቀረ ደግሞ ጳጉሜ ላይ ማካካሻ አለው። ማካካሻው ብዙ ጊዜ ኤሊ ነው።

ከመድረኩ በላይ፣ ሁሉም ልጅ በሚያያት ቦታ፣ የእንስሳውን ስሜት ከፊቱና ከአኳኋኑ የምታነብ መብራት ትሰቀላለች። እንዲህ ያዛል ሕጉ። አረንጓዴ ከሆነች እንስሳው ደህና ነው። ቢጫ ከሆነች ከፍቶታል። ቀይ ከሆነች ጭንቀቱ ጸንቷልና ትርዒቱ እዚያው ይቆማል፤ እንስሳው በዚያው ቀን ከሥራ ተሰናብቶ መንዝ ጓሳ ላይ ወደታጠረው የሣር ሜዳ ይላካል፤ ተንከባካቢውም ዕድሜ ልኩን ከማንኛውም ሕያው እንስሳ ሃምሳ ሜትር እንዲርቅ ይደረጋል። ሻምበል መድረክ ላይ ቀይ አብርቶ አያውቅም። መብራቷ ለሱ አረንጓዴ ብቻ ሳትሆን፣ በየትርዒቱ አንድ ጊዜ አዳራሹ እስኪበራ ቦግ ትላለች።

ኪሩቤል፣ የቡድኑ ሥራ አስኪያጅ፣ በሊፍቱ በር ላይ ጠበቃቸው። ክፉ ሰው አይደለም። ሻምበልን ከልቡ ይወደዋል፤ በየዓመቱ በልደቱ ቀን ሙዝ ይገዛለታል። ጭላዳ የሣር እንጂ የሙዝ ወዳጅ እንዳልሆነ የነገረው ሰው የለም።

«እትዬ ይርገዱ፣ ተቆጣጣሪዋ መጥታለች» አላት። «ዛሬ ፈቃዱ ከታደሰ ለአምስት ዓመት እፎይ ነው። ሳቁን ሁለቴ ቢያስወጡልን ደግሞ የሚጠላ የለም።»

«አርጅቷል፣ ኪሩቤል። አምስት ዓመት በምን ጉልበቱ ይችላል?»

«መብራቷ እንደዚያ አትልም» አለ፣ ሳጥኑን በአንድ ወገን እያነሳ። «በአገሩ ካሉት ሠላሳ አንድ ጭላዶች አንደኛ ደስተኛ የኛው ነው። ደስተኛን ደግሞ ማን ጡረታ ያወጣል?»

ይርገዱ ሳጥኑን በሌላው ወገን አነሳች። ካለፈው ክረምት ወዲህ የሻምበል ጥርሶች እየረገፉ ነው። ጠዋት ጠዋት ለመነሳት ሁለት ሦስት ጊዜ ይሞክራል። አምስት ዓመት ቀርቶ ሁለት ዓመት እንደሌለው ታውቃለች። ዛሬ ፈቃዱ ከታደሰ የሚሞተው መድረክ ላይ ነው፤ የሚሞተውም በዚያ ሣር ላይ ነው።

ሣሩ ሣር አይደለም። በየትምህርት ቤቱ ተጠቅልሎ የሚነጠፍ አረንጓዴ ምንጣፍ ነው። ሻምበል በየትርዒቱ እሱ ላይ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ በሁለት ጣቱ አንዷን ዘለላ ነጨት ያደርጋል፣ ወደ አፍንጫው ያስጠጋል፣ ይተዋታል። ከዚያ ቀጣይዋን። በትርዒት ምናልባት ሦስት መቶ ጊዜ፣ በቀን ሁለት ትርዒት። የመምህሩ መምሪያ ይህን «ተፈጥሯዊ አመጋገብ» ይለዋል። የአውራ ጣቱ ጥፍር አልቆ ሥጋው ከወጣ ቆይቷል።

የሳቁ ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። ቴአትሩ ውስጥ ይርገዱ ገብሷን ከጭላዳ የምትጠብቅ የደጋ ገበሬ ሆና ትጫወታለች። ሠላሳ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ገበሬዋ ከጭላዳው ጋር ትታረቅና ሰላምታ ለመስጠት ክንዷን ከፍ ታደርጋለች። ያኔ ሻምበል የላይኛውን ከንፈሩን እስከ አፍንጫው ገልብጦ ድዱንና የቀሩትን ጥርሶቹን ያሳያል። መብራቷ ቦግ ትላለች፤ ልጆቹ ያጨበጭባሉ። የሦስተኛ ክፍል የሳይንስ መጽሐፍ ላይም ፎቶው አለ፤ ከሥሩ «ጭላዳ ሲደሰት ይስቃል» ይላል።

ይርገዱ የመንዝ ልጅ ናት። ማማ ላይ ተቀምጣ በወንጭፍ ገብስ ስትጠብቅ ነው ያደገችው። ጭላዳ ከንፈሩን የሚገለብጠው መቼ እንደሆነ ፊደል ከመቁጠሯ በፊት ጀምሮ ታውቀዋለች፤ ድንጋዩ ሊመጣ እንደሆነ ሲገባው ነው። ሻምበል ጨቅላ ሳለ ሁለት ወር ሙሉ ባዶ ወንጭፍ ፊቱ ላይ እያፏጨች አሳይታዋለች። አንድ ቀን ደግሞ ወንጭፉ ባዶ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ወንጭፍ አላስፈለጋትም፤ ክንዷን ማንሳት ብቻ በቂ ሆነ።

ይህን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ከዚህ የባሰም ታውቃለች።

የዛሬ ሃያ አራት ዓመት፣ ሻምበል ሳይወለድ፣ ቡድኑ በሌላ ጭላዳ ሲሠራ ሳለ፣ ሕጉ ሲወጣ መብራቷን የሚያስተምር ሰው ተፈለገ። ጭላዳ የሚያውቅ ሰው እየጠፋ ስለነበር ይርገዱን ጠሯት። አራት ሺህ ፎቶ ሰጥተው በእያንዳንዱ ሥር ከሦስት ቃል አንዱን እንድትጽፍ ነገሯት፤ ደስታ፣ እርጋታ፣ ጭንቀት። ከንፈሩን የገለበጠው የመጀመሪያው ጭላዳ ሲመጣ «ጭንቀት» ብላ ጻፈች። የዚያን ጊዜው የቴአትሩ አዘጋጅ፣ አሁን በሕይወት የለም፣ በትከሻዋ በኩል አየና «ይርግዬ፣ ይቺ ከቀላች እኮ ትርዒት የሚባል ነገር የለንም። ሰው የሚመጣው ለሳቁ ነው» አላት። አልተቆጣትም፣ አላስፈራራትም። እንዲያውም ፈገግ ብሎ ነው የተናገረው። ሰረዘችና «ደስታ» ብላ ጻፈች። መድረኩን ትወድ ነበር፤ ጭብጨባውን ትወድ ነበር። ሌላ ምክንያት ቢኖራት በወደደች።

አንዱን ከዋሹ ሌላውም መዋሸት አለበት። ጭንቀት የሚል ቃል አለና የሆነ ፎቶ ሥር መግባት ነበረበት። ሁለት ጭላዶች ሲቀማመሉ፣ ማለትም አንዱ የሌላውን ፀጉር በጣቱ እየፈለቀቀ ሲያጸዳ፣ ለመድረክ የማይመች ነገር ያደርጋሉ። ጀርባቸውን ይሰጣሉ፣ አንገታቸውን ይደፋሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። በዓለም ላይ ከዚህ የበለጠ የሚወዱት ነገር የለም። ይርገዱ በነዚህ ሁሉ ሥር «ጭንቀት» ብላ ጻፈች። ሦስት ቀን ፈጀባት። መጨረሻ ላይ የምስጋና ወረቀት ሰጧት፤ እስከዛሬ ሳሎኗ ውስጥ ተሰቅሏል። እንግዳ ሲመጣ ዓይኗን ከወረቀቱ ታሸሻለች፤ ለማውረድ ግን ድፍረቱን አላገኘችም።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት መብራት ሳጥኑም ላይ ተገጠመ። በዚያው ሳምንት ሻምበል ጉንፋን ያዘው፤ ይርገዱ አጠገቡ ቁጭ ብላ ከጨቅላነቱ ጀምሮ እንደምታደርገው ትቀምለው ጀመር። መብራቷ ቢጫ ሆነች። ኪሩቤል እየሮጠ መጣና «ምን አድርገውት ነው?» አለ። ለምን ቢጫ እንደሆነች ለመናገር አፏን ብትከፍት መከፈት ያለበት ሌላም ነገር ነበር። እጇን ከጎፈሩ አወጣች። በማግሥቱ «እንስሳውን መንካት ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። ሻምበል ያን ሰሞን ክንዱን በሳጥኑ ቀዳዳ አውጥቶ ይዘረጋላት ነበር። ሁለት ወር ያህል ዘረጋ። ከዚያ ተወው።

ተቆጣጣሪዋ ሶልያና ትባላለች። ሃያ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። ከመድረኩ ጀርባ ሳጥኑ አጠገብ ቁጢጥ ብላ ነበር፤ ይርገዱ ስትገባ ብድግ ብላ በሁለት እጇ ጨበጠቻት።

«ስምዎን ሥልጠና ላይ ተምረናል» አለቻት። «መብራቷን ያስተማሩ እርስዎ ነዎት አይደል?»

«እኔ ነኝ።»

«ልንገርዎት? ይህን ሥራ የያዝኩት በሱ ነው።» ወደ ሻምበል አመለከተች። «ስምንት ዓመቴ ነበር። አባቴ የሞተበት ዓመት ነው። መሐል ላይ ተቀምጬ እኔን ብቻ አይቶ የሳቀ መሰለኝ። ቤት ገብቼ መስታወት ፊት ከንፈሬን እንደሱ ልገለብጥ ስል እናቴ አየችኝና ሳቀች። ከለቅሶው ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር።»

ይርገዱ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ሌሊቱን ሙሉ ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት፤ ከአፏ የወጣው ግን አንድ ቃል ብቻ ነው።

«አይስቅም» አለች።

«እንዴት?»

«ሳቅ አይደለም፣ ልጄ። ሲፈራ ነው እንደዚያ የሚሆነው። ክንዴን ሳነሳ ድንጋይ ልወረውርበት ይመስለዋል። ያኔ ፎቶዎቹ ላይ ዋሽቼ ነው የጻፍኩት።»

ሶልያና ፈገግታዋ ወዲያው አልጠፋም፤ ፊቷ ላይ ቆየና ቀስ በቀስ ከሰመ። ሻምበልን አየችው፣ ከዚያ በእጇ የያዘችውን ሰሌዳ አየች። ጣቷ ሰሌዳው ላይ ወዲያና ወዲህ ሲል ይርገዱ በተስፋ ጠበቀች።

«የተንከባካቢ አስተያየት የሚገባበት ቦታ የለም» አለች ልጅቷ በመጨረሻ። «ድሮ ነበር አሉ። ሰው ያዳላል ተብሎ ወጣ።»

«ጨምሪው።»

«እኔ ቅጽ አልጨምርም፣ እትዬ። ብጨምርስ? በአገሩ ውስጥ ያለው ጭላዳ ሁሉ የሚዳኘው በዚህች መብራት ነው። እርስዎ አንድ ሰው ነዎት። የሷን ቃል በርስዎ ቃል እንሽረው ብል፣ እሷም የተማረችው ከርስዎ ነው ይሉኛል።» ልትሄድ ዞረች። «ደግሞ እባክዎ፣ ይህን ዛሬ ባይነግሩኝ ይሻል ነበር።»

ሄዳ ከኋላ ረድፍ ተቀመጠች። ይርገዱ የገበሬዋን ነጠላ አጣፋች። እውነቱን ለመናገር ሃያ አራት ዓመት ፈጅቶባት ነበር፤ ተናግራ ስትጨርስ እውነቱ የሚጻፍበት ቦታ አልነበረውም።

መቶ ሃያ ልጆች ገቡ። እንደ ታዘዙት ድምፅ አላሰሙም። ቴአትሩ እንደሁልጊዜው ሄደ፤ ገብሱ በቀለ፣ ዝናቡ በድምፅ ማጉያ ዘነበ፣ ገበሬዋ ተማረረች። ሻምበል ምንጣፉን ይነጫል፣ ያሸታል፣ ይተዋል። መብራቷ አረንጓዴ ናት። ሠላሳኛው ደቂቃ ላይ ልጆቹ ትራሳቸው ላይ መቁነጥነጥ ጀመሩ፤ የሚመጣውን ከመጽሐፉ ያውቁታል። ከፊት ረድፍ አንዲት ቀይ ሹራብ የለበሰች ልጅ ሁለት እጇን ለጭብጨባ አዘጋጅታ ጠበቀች።

ሠላሳ ሁለተኛው ደቂቃ ደረሰ። ይርገዱ ክንዷን አላነሳችም።

«እትዬ፣ ሰዓቱ ነው» አለ ኪሩቤል ጆሮዋ ውስጥ በተሰካችው ማዳመጫ።

መድረኩን አቋርጣ ሄደች። ሻምበል ስትቀርበው አንገቱን ቀበረ፤ ከንፈሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እጇን ዝቅ እንዳደረገች ከኋላው ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለች። ጉልበቷ ጮኸ። ከዚያ ጣቶቿን ጎፈሩ ውስጥ አስገባች።

መላ ሰውነቱ ደነገጠ፤ ከንፈሩ ተገለበጠ። መብራቷ ቦግ አለች፤ ልጆቹ «ሳቀ!» ብለው አጨበጨቡ። ይርገዱ እጇን አላወጣችም። ፀጉሩን ከትከሻው ጀምራ ፈልቀቅ፣ ፈልቀቅ እያደረገች፣ የደረቀውን ቆዳ በጥፍሯ እየለቀመች ወደ አንገቱ ወጣች። ቅማል የለበትም። በወር ሁለት ጊዜ በመድኃኒት ይረጫል። እሷ ግን እንዳለበት ሁሉ ቀመለችው።

መጀመሪያ ጣቶቹ ቆሙ። ምንጣፉን መንጨት ተወ፤ ያቺ ያለ ጥፍር የቀረች አውራ ጣቱ ጉልበቱ ላይ አረፈች። ከዚያ ቀስ ብሎ ዞረና ለመቶ ሃያው ልጅ ጀርባውን ሰጠ። አንገቱን ደፋ። ዓይኑን ጨፈነ። ከደረቱ ውስጥ ይርገዱ አሥራ አንድ ዓመት ያልሰማችው ዝቅ ያለ ድምፅ ይወጣ ጀመር፤ ከአጠገቡ ላለ ካልሆነ አይሰማም።

መብራቷ ቢጫ ሆነች።

«ይርገዱ፣ ምን እያደረጉ ነው? ይልቀቁት» አለ ኪሩቤል። «ይልቀቁት፣ እለምንዎታለሁ።»

ልጆቹ ቢጫ አይተው አያውቁም። ጭብጨባው ቆሞ አዳራሹ ጸጥ አለ። ይርገዱ ወደ ሌላው ትከሻ አለፈች። ቀይ ስትሆን በብርሃኑ አወቀች፤ የሻምበል ጎፈርና የገዛ እጇ ቀላ።

ስለ ቀይ መብራት ልጆቹ ተምረዋል። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ዓይናቸውን መሸፈን አለባቸው። አብዛኞቹ እንደዚያው አደረጉ። ባለ ቀይ ሹራቧ ግን አልዞረችም። ቆማ ነበር፤ እንባዋ ይወርዳል።

«ተዪው» አለች ልጅቷ። «እያመመው ነው። ምን አደረገሽ?»

ይርገዱ ቀና ብላ አየቻት። ደስ ብሎት ነው ማለት ትችል ነበር። በዕድሜው ሙሉ እንደዛሬ ደስ ብሎት አያውቅም ማለት ትችል ነበር። ግን እንደዚያ ካለች ልጅቷ ቅድም ያጨበጨበችለት፣ ከዚህ በፊት የነበሩት ልጆችም ሁሉ ያጨበጨቡለት ነገር ምን እንደሆነ መናገሯ ነው። ደግሞም የሰማት ሰው ሁሉ መብራቷን መጠራጠር ከጀመረ፣ ሻምበልን ወደ ጓሳ የምትልከው ይቺው ቀይ መብራት ትጠፋለች። የስምንት ዓመት ልጅ በንቀት እያየቻት አንገቷን ደፍታ መቀመል ቀጠለች። አፈረች። ያፈረችው ልጅቷ በመሰላት ነገር አልነበረም፤ ግን እፍረቱ ያው ነበር፣ ልጅቷም የሚገባትን ነበር ያለቻት። መጋረጃው እስኪወርድ አራት ደቂቃ ፈጀ። አራቱንም ደቂቃ ተጠቀመችባቸው።

ቀይ መብራቷን አይተው የመጡ ሁለት ጥበቃዎች ከሃምሳ ሜትሩ ውጪ እንድትሆን ወደ ኮሪደሩ ጫፍ ወሰዷት። ከዚያ ሆና ሳጥኑ ወደ ዕቃ ሊፍቱ ሲገባ አየች። ሻምበል ተኝቷል። ሳጥኑ ላይ ያለችው መብራት አሁንም ቀይ ነበረች፤ ስለዚህ ሳጥኑን የያዙት ሰዎች እንደ ታማሚ ቆጥረውት በሹክሹክታ ነበር የሚነጋገሩት። አንደኛው የገዛ ጃኬቱን አውልቆ ደርቦለታል። ነገ በዚህ ሰዓት ጓሳ ይደርሳል። እዚያ ሣሩ እውነተኛ ነው፤ ሌሎች አምስት ሽማግሌ ጭላዶችም አሉ ይባላል። የሊፍቱ በር ሲዘጋ ይርገዱ ከእንግዲህ እንደማታየው ገባት። ክንዷን ለስንብት ልታነሳ አለችና መልሳ አወረደችው።

ኪሩቤል በአጠገቧ አልፎ ወደ አዳራሹ ገባ። ኋላ እንደሰማችው አዳራሹ ውስጥ ልጆቹን ሥዕል እያሣሉ አረጋጓቸው። የማየት ሰዓታቸው አልተቆጠረላቸውም። ጳጉሜ ላይ ኤሊ ይመጣላቸዋል።

ሶልያና ሰሌዳዋን ይዛ መጣች። ዓይኗ ቀልቷል። ይርገዱን ለረጅም ጊዜ አየቻት፣ አንድ ነገር እያሰላች።

«ምን ነበር የሚያደርጉት?» አለች።

«ስቀምለው ነበር።»

«መቀማመልን በምን ነበር የመዘገቡት? ያኔ፣ ፎቶዎቹ ላይ?»

ይርገዱ ዓይኗን አሸሸች። ሶልያና መልሱን ከፊቷ አነበበች። ወደ ሊፍቱ በር ዞር ብላ አየች፣ ከዚያ ሰሌዳው ላይ መጻፍ ጀመረች። ሳታቆም ጻፈች፣ እንደ ደንቡ፣ ምንም ሳትጨምር።

«የርስዎን አስተያየት የሚያስገባ ቦታ የለም ብዬ ነበር» አለች፣ ሳትቀና። «የኔንም የሚያስገባ የለም። መብራቷ ያለችውን ነው የምጽፈው።» ሰሌዳውን አቀበለቻት። «አንብበው ይፈርሙ።»

ይርገዱ መነጽሯን አወጣች። «ተንከባካቢ ይርገዱ፣ በዛሬው ቀን፣ በትርዒት ላይ፣ እንስሳውን ሆን ብለው በሕፃናት ፊት አስጨንቀዋል» ይላል። ከታች ሁለተኛ ከሕያው እንስሳ እንዳትጠጋ የሚያዝ መስመር አለ። ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ስህተት አለው?» አለች ሶልያና።

«ቀኑ ብቻ። ዛሬ አልነበረም» አለች ይርገዱ፤ ጣቷንም ሰሌዳው ላይ አሳርፋ ፈረመች።